ማንም ሳይነካው የጮኸው ደወል

ሰው «በሕይወትሽ የማትረሺው ቀን የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምረቃዬን ቀን የምነግረው ይመስለዋል። አይደለም። በምረቃዬ ቀን ጫማ ጠቦኝ ስነጫነጭ ነው የዋልኩት። የማልረሳው ቀን ሌላ ነው፤ ሚዛን ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ኮፒ ቤት ውስጥ አንዲት አረንጓዴ መስመር ስታፋጥጠኝ የዋለችበት ቀን። ታሪኩ ውስጥ ኮምፒውተር አለ ብላችሁ ገና ከመጀመሪያው እንዳትሸሹኝ። ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሰው ነገር ይበዛበታል።

ያኔ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ በሙያዬ ሥራ ያላገኘሁ ልጅ ነበርኩ። «ሥራ ፈት» የሚለኝን ሰው ግን አልምረውም ነበር። እትዬ ወይንሸት ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሠርግ ካርድ አትማለሁ፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ የእኔ ነው። ውላችን ይኸው ነበር። እትዬ ወይንሸት ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ፣ ሲስቁ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ አብሮ የሚስቅላቸው ሴት ናቸው። ስሜ ታሪኳ ነው፤ እሳቸው ግን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሯ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ላይ ለማላገጥ ነበር መሰለኝ።

አባቴ ሸዋ ቤንች ወረዳ ቡና አለው። የእሸት ቡናን ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀዩ ፍሬ ከተለቀመ አያድርም። በዚያው ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ደርሶ መመዘን አለበት፤ ካደረ ይበላሻል፣ የሚቀበልህም የለም። ስለዚህ በለቀማ ወቅት ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በር ላይ ያለውን ግፊያ አትጠይቁኝ። ለሰው ቁጥር ይታደላል፤ መዛኙ በየተራው እየጮኸ ይቀበላል። ይጮኻል ይባላል እንጂ በዚያ ጫጫታ መሀል ማን ማንን ይሰማል!

አንድ ቀን አባቴ ቡናውን ከነማዳበሪያው እንደተሸከመ ተመልሶ ቤት መጣ። «ቁጥርህ አልፏል፤ ስትጠራ አልነበርክም» ብለውት። እሱ ደግሞ ከበሩ ንቅንቅ አላለም። ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ ተቀመጠና «ቡናው ይቅር፤ ቆሜ ሳለሁ አልነበርክም መባሌ ነው ያቃጠለኝ» አለ። እኔንም ያንገበገበኝ እሱ ነው። አባቴ ቆሞ ሳለ እንዳልነበረ የሚቆጠር ሰው አይደለም!

የወረፋ መጥሪያ ለመሥራት የቆረጥኩት ያን ቀን ነው። ሰው ቁጥር ይይዛል፤ መዛኙ ዝግጁ ሲሆን አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ደወል ይጮኻል፣ ቁጥሩ በትልቁ ይበራል። ባለቁጥሩ እስኪቀርብ በቂ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልቀረበ ያልፈዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ከገበያ ዕቃ ገጣጥሞ መሥራት ይቻላል፤ አውቃለሁ፣ እንዳትነግሩኝ። ግን በዚያው ሰሞን፣ ከየአገሩ የሚላኩ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ንድፎችን ሰብስበው በአንድ ቺፕ ላይ፣ በየስልካችን ሆድ ውስጥ ባለችው ዓይነት ቁራጭ ላይ፣ የሚያሠሩ ሰዎች ለጀማሪዎች ቦታ እንደሚሰጡ ሰማሁ። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ከሚዛን ተነስቶ ቺፕ የሚሆን ንድፍ! ቀኑን ሙሉ ፈገግታዬን መሰብሰብ አቅቶኝ እትዬ ወይንሸት «ምን ሆነሻል፣ ታጨሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ብቻዬን ግን የሚገፋ ሥራ አልነበረም፤ ግማሹን አቤል ያዘልኝ። አቤል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ቴፒ ከተማ ስልክ ይጠግናል። ነገር አያበዛም፤ እኔ ገጽ ሙሉ ስጽፍለት እሱ «እሺ» ብሎ ይመልሳል። ቁጥር መስጠቱንና ወረፋ መቁጠሩን እኔ፣ ደወሉንና ቁጥር ማብራቱን እሱ ብለን ተካፈልን። የምንነጋገረው በጽሑፍ ነበር፤ እሱ ያለበት ሰፈር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ድምፅ አያስተላልፍም። ስንጻጻፍ ደግሞ እንደ አብዛኛው ሰው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ንድፉ የሚጻፍበት የኮምፒውተር ኮድም የሚቀበለው ያንኑ ፊደል ስለሆነ በንድፉ ላይ ላሉት ሽቦዎች ስም ስናወጣ በዚያው አወጣን።

አሁን ስለ መስመሮቹ ልንገራችሁ። ቺፕ ከመሠራቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል፤ ሲሙሌሽን ይባላል። ሙከራው የሚተፋው ግን የዜሮና የአንድ መዓት ነው፤ ሰው ተቀምጦ አያነበውም። ያን መዓት ወደ ሥዕል የሚቀይር ፕሮግራም አለ፤ ዌቭፎርም ማሳያ ይሉታል። እያንዳንዷ ሽቦ ከነስሟ አንድ መስመር ትሆናለች፤ ስትሠራ ከፍ ትላለች፣ ስታርፍ ዝቅ ትላለች፤ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የትኛዋ ሽቦ መቼ ምን እንዳደረገች በዓይንህ ታያለህ። የእኔው ማሳያ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች የእትዬ ወይንሸትን ኮምፒውተር ገና ሲያዩት ይሸሹ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሳያንገራግር ይከፈታል።

አንድ ቀን እትዬ ወይንሸት ከኋላዬ መጥተው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከፍ ዝቅ የሚሉትን አረንጓዴ መስመሮች አዩ። ሆስፒታል ያዩት የልብ ምት ማሳያ መስሏቸው «ይሄ ደግሞ የማን ልብ ነው?» አሉ።

እኔም ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሳላስብ «የእኔና የአቤል» አልኳቸው።

«ኧረ! ነገሩ እንዲያ ነው እንዴ!»

ምነው አፌን በያዝኩት! ከዚያ በኋላ የአቤል ስም በተነሳ ቁጥር አለቀልኝ።

ንድፉን የምንልክበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ማምሻውን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። ቺፕ እንደ ቀሚስ አይደለም፤ ጠበበ ተብሎ አይፈታም። ስህተት ካለበት ከነስህተቱ ይሠራል፣ ከነስህተቱ ይመጣል። ከጎኑ ደግሞ የእኔና የአቤል ስም፣ የከተሞቻችንም ስም ይጻፋል። እኛ ሁለቱን ግማሾች ካገጣጠምን ገና ጥቂት ቀን ነበር፤ የአቤል ግማሽ ቴፒ መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ስሙ ከስሙ ጋር የተመሳሰለውን ሽቦ ሁሉ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያገናኝልኝ አዘዝኩ። ሞከርኩት፤ ሰው ቁጥር ያዘ፣ መዛኙ ቁልፍ ተጫነ፣ ደወል ጮኸ። እሰይ አልኩ። አቤልም «እሺ» አለ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ግን አንድ ነገር አላስችል አለኝ። እስካሁን በሞከርነው ሙከራ ሁሉ ገበሬው ቁጥር እንደያዘ መዛኙ ወዲያው ቁልፉን ይጫናል። እኔ የማውቀው ጣቢያ እንዲያ አይደለም። መዛኙ ምሳ ይሄዳል፣ ወሬ ይይዛል፣ ሻይ ይጠጣል። «እስቲ እንደ እውነቱ ላድርገው» ብዬ ገበሬው ቁጥር ይዞ እንዲቆም፣ መዛኙ ደግሞ ምሳ እንዲሄድ አድርጌ ሙከራውን ጻፍኩ። አስኬድኩት። ማሳያውን ከፈትኩ።

ደወሉ ጮኸ።

ቁልፉን ማንም አልነካም። የቁልፉ መስመር መሬት ላይ እንደተኛች ነው፤ የደወሉ መስመር ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ወደ ቀኝ ተጓዝኩ፤ የሚቀበል ሰው ስለሌለ ጊዜው አለፈ፣ የገበሬውም ቁጥር አለፈ። ክው ነው ያልኩት። አባቴን ያደረጉትን ነገር ራሱን በእጄ ሠርቼ፣ በቺፕ ቀርጬ ልልክላቸው ነበር!

ደሜ ፈላ። ስልኬን አንስቼ ለአቤል ጻፍኩለት።

«ደወሉ ብቻውን ይጮኻል። ምን አድርገህ ነው የሠራኸው?»

ብዙ ቆይቶ መለሰ። «የእኔ ልክ ነው። tera ከፍ ስትል ደወል ይጮኻል። ሥዕሉን እዪው።»

አየሁት። tera የሚለው ስም ያላት መስመር ከፍ ብላለች፤ እሷ ከፍ ባለችበት ቅጽበት ደወሉም ከፍ ብሏል። ያቺ መስመር ደግሞ የእኔ ናት፤ ሰው ተራ ሲይዝ ከፍ የምትል አድርጌ የሠራኋት እኔው ነኝ። የእኔም ልክ ነው።

«tera ከፍ ማለቷማ ልክ ነው። ደወሉ ለምን ይጮኻል ነው የምልህ!»

«tera ከፍ ስላለች።»

«tera ከፍ ካለች ደወል ይጩህ ያለህ ማነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሌላ በምን ይጩህ ታዲያ?»

እግዜር ያሳያችሁ! ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል ዋልን። ሁለታችንም ያንኑ ሥዕል፣ ያቺኑ መስመር እናያለን፤ ሁለታችንም «ልክ ናት» እንላለን፤ ደወሉ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ደወልኩለት፤ «ሄሎ… አል… መስመ…» ብሎ ጠፋ። እልህ ያዘኝና «ስልክ መጠገኑ ይሻልሃል!» ብዬ ጻፍኩ። ጭራሽ መልስ አቆመ። በጣም ቆይቶ አንዲት ቃል ብቻ መጣች፤ «መጣሁ» ትላለች። ሊጣላኝ ይሁን ሊያግዘኝ አላወቅሁም።

ከቴፒ ሚዛን በሚኒባስ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሰማዩ ተቀዶ ነበር የሚዘንበው። እሱን ስጠብቅ የራሴን ኮድ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ምንም የለበትም። የእሱንም አነበብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ንጹሕ ሥራ ነው፣ አንድም የሚነቀስ የለውም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። ስህተት ቢኖርበት እኮ አርሜው እገላገል ነበር! በዚህ መሀል ማመልከቻ የሚያጽፍ ይገባል፣ ፎቶ የሚያሳጥብ ይገባል፤ የአንዱን ሰው የአያት ስም ሁለቴ ተሳስቼ ጽፌ ተቆጣኝ።

እትዬ ወይንሸት ነገሩ ስላልገባቸው ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ዝም ብለሽ አትልኪውም? ፈረንጆቹ እንደሆነ የሸዋ ቤንች ደወል ለምን ጮኸ ብለው አይመጡ!»

«አልልከውም።»

«ቦታሽንስ ለሌላ ሲሰጡት?»

«ይስጡት። አባቴ ቆሞ ሳለ የሚያልፈው ደወል ግን በስሜ አይሠራም።»

እትዬ ወይንሸት ወደ በሩ ዞረው የሚገባውን ደንበኛ «ማሽን ተበላሽቷል፣ ነገ ና!» ብለው መለሱት። ማሽኑ ደህና ነበር።

አቤል ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። መንገድ ላይ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተይዞባቸው ወርደው ሲገፉ ነበር። እትዬ ወይንሸት «ባለልቡ መጣ!» ብለው ተቀበሉት፤ እሱ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ እኔ ግን መግቢያ አጣሁ። ሰላም ሳይለኝ ወንበር ሳበና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ።

«አሳዪኝ» አለ።

ማሳያውን ከፈትኩ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተው።

«ይኸው። እዚህ ጋ ጠራ። ስለዚህ ደወሉ…»

«ቆይ። ምን አልክ?»

«እዚህ ጋ ጠራ አልኩሽ። ቁልፉን ተጭኖ ጠራ፣ ደወሉ ጮኸ። የት ላይ ነው ስህተቱ?»

«ማነው የጠራው?»

«መዛኙ ነዋ! ጠራ፤ ጠራ!»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«አቤል፣ ይቺ መስመር እኮ ተራ ናት። ተራ! ወረፋ! ሰው ተራ ሲይዝ ከፍ የምትል!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ስክሪኑን አየ። እንደገና እኔን አየ። ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነው። እኔም ሳቄን ለቀቅኩት። ዓይናችን እንባ እስኪያቀር ሳቅን፤ እትዬ ወይንሸት «በስመ አብ! እነዚህ ልጆች ለይቶላቸዋል» ሲሉ ይሰማኛል።

ነገሩ ገብቷችኋል አይደል? እኔ ለግማሼ «ተራ» የሚል ስም አወጣሁ። እሱ ለግማሹ «ጠራ» የሚል ስም አወጣ። በአማርኛ ፊደል ቢጻፉ የማይነካኩ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፋቸው ግን ሁለቱም tera ሆኑ። ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ስማቸው አንድ ነው ብሎ አንድ ሽቦ አደረጋቸው። ሰው ተራ በያዘ ቁጥር መዛኙ ጠራ ማለት ሆነ። የቁልፉ ሽቦ ደግሞ ከማንም ሳይገናኝ ብቻውን ቀርቷል፤ ስለዚያም ፕሮግራሙ አስጠንቅቆን ነበር፤ ከብዙ ማስጠንቀቂያ መሀል ማን አየው! እስከዚያ ቀን ሁለታችን ያን ስም አንድም ጊዜ በአፋችን ብለነው አናውቅም፤ ስንጽፈው ብቻ ነበር። እሱ ሲያነበው «ጠራ» ይላል፣ እኔ ሳነበው «ተራ» እላለሁ፣ ሁለታችንም እውነታችንን ነው።

«‹ጠ›ን በትልቁ ቲ ጽፌው ቢሆን ኖሮ…» አለ አቤል ዓይኑን እየጠረገ።

«ተወው አሁን፤ ቶሎ በል!» አልኩት። ጊዜው ሄዷል፤ ቀኑ ወደ ማምሻው አዘንብሏል።

ስሞቹን ቀየርን። የእኔ «ወረፋ» ሆነች፤ የእሱ «ጥሪ» ሆነች፣ ከቁልፉም ጋር ተገናኘች። ዳግም እንዳንሸወድ የሽቦዎቹን ስም ሁሉ አንድ በአንድ ጮክ ብለን አነበብን፤ እኔ አንብቤ እሱ ይደግማል። እትዬ ወይንሸት «ውዳሴ ማርያም መሰላችሁ እንዴ?» ይሉናል። አነበብን፣ ጨረስን፣ ሙከራውን አስኬድን።

መብራት ጠፋ።

ያን ጊዜ የጮህኩትን ጩኸት መናኸሪያው ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። ስክሪኑ ጨለመ፤ ሙከራው መሀል ላይ ነበር። አቤል ወንበሩ ላይ ደረቀ። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ «አለቀልን» አልኩ። እትዬ ወይንሸት ግን ወደ ጓዳ ገብተው ነበር። ጄኔሬተሯን ለትልቅ ሥራ ካልሆነ አይነኳትም፤ እኔን ራሴን እንኳ አያስነኩኝም። ያን ቀን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገመዷን ሲጎትቱ አየኋቸው። አንዴ፣ ሁለቴ… ተነሳች። «ላኪው እንጂ ምን ያፈዝሻል ኢንጂነሯ!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ማላገጥ አልነበረም።

ሙከራውን እንደገና ጀመርን። ሲያልቅ ማሳያውን ከፈትኩ፤ ማውሱን አቤል ያዘ። ገበሬው ቁጥር ያዘ፤ ወረፋ ከፍ አለች። መዛኙ ምሳ ሄደ። ደወሉ ዝም። ወደ ቀኝ ሄድን፤ ደወሉ ዝም። ሌላ ገበሬ ቁጥር ያዘ፤ ደወሉ አሁንም ዝም፣ የፊተኛው ቁጥርም አላለፈም። መዛኙ ከምሳ ተመለሰ፤ ቁልፉን ተጫነ። ጥሪ ከፍ አለች። ደወሉ ያኔ፣ ልክ ያኔ ጮኸ።

አቤል በቀስታ «እሺ» አለ፤ ከሱ አፍ እንደዚያ ያለ እሺ ሰምቼ አላውቅም።

ኮፒ ቤቷ ኢንተርኔት የላትም፤ የምንልከው ያው በስልክ ኔትወርክ ነው። የእኔ ስልክ አልስብ አለ። የአቤልን አወጣን፤ እትዬ ወይንሸት ስልኩን ተቀብለው በረንዳው ላይ ወጥተው ጃንጥላ ይዘው ቆሙ፤ «እዚህ ጋ ነው ኔትወርኩ የሚይዘው፣ እኔ አውቃለሁ» እያሉ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የመላኩን ልክ የምታሳየው ሰማያዊ መስመር ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትሄዳለች። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሞላች። ጥቂት ቆይቶ «ንድፋችሁ ደርሶናል» የሚል መልእክት መጣ።

«ደረሰ!» ብዬ ስጮህ እትዬ ወይንሸት ከነጃንጥላቸው ገብተው እልል አሉ። የተላከው ነገር ምን እንደሆነ በውል አያውቁም ነበር፤ ከጎረቤት ሱቅ የመጡት ሴትዮ «ማን ወለደ?» ብለው ጠየቁ።

ቀኑ በዚህ አለቀ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ የድሮዋ ልጅ አልሆንኩም። እኔንና አቤልን አንድ ቁጭት ያዘን። ቺፑን ላክን፤ ግን ማሳያው ላይ ስማችንን በራሳችን ፊደል ብናየው ኖሮ ተራና ጠራ መች ይምታቱብን ነበር? ኮዱ ውስጥ ባይቻል፣ ማሳያው ላይ ለየሽቦው በአማርኛ የሚነበብ ስም መስጠት ይቻላል። ሞከርነው። ፊደሎቻችን መሀላቸው ተቆርጦ፣ ጫፋቸው ጠፍቶ ወጡ። ነገሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? ፕሮግራሙ አንዱን የአማርኛ ፊደል ሦስት ፊደል አድርጎ ይቆጥራል፤ ስለዚህ «ስሙ ረዘመ» ብሎ ይቆርጠዋል። ማሳያው ዝግ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ተራግመን እንተወው ነበር። ክፍት ስለሆነ ግን ሆዱን ከፍተን ገባን። ብዙ ሰንብተን፣ ብዙ ተሳስተን ቦታውን አገኘነው፤ አረምነው፤ ለሚያዘጋጁት ሰዎች ላክንላቸው። ለመሞከሪያ ብለን ሁለት መስመር አያይዘናል፤ አንዷ «ተራ»፣ ሌላዋ «ጠራ»።

ከአዘጋጆቹ አንዱ «እነዚህ ሁለት ስሞች ለዓይኔ ይመሳሰሉብኛል፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። የዚያን ቀኑን ታሪክ ከነጄኔሬተሩ ጻፍኩለት። ሳቁን ጽፎልን እርማታችንን ተቀበለ። ዛሬ ያን ማሳያ በየትም አገር አውርዶ የሚከፍት ሰው የእኛን እርማት አብሮ ነው የሚከፍተው። እኔ እንግዲህ ልኩራ አልኩራ? እኮራለሁ! አፌን ሞልቼ እኮራለሁ፤ ትሕትና ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከባልንጀራችሁ ጋር «የእኔ ልክ ነው»፣ «የእኔ ልክ ነው» ስትባባሉ ከዋላችሁ፣ ከመሰዳደባችሁ በፊት ነገሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። እኔና አቤል እስከ ዛሬ የሽቦ ስም ጮክ ብለን ሳናነብ ሥራ አንጀምርም። አሁን አብረን ነው የምንሠራው፤ ሚዛን አንዲት ክፍል ተከራይተን። እትዬ ወይንሸት ሌላም ነገር አብራችሁ ሥሩ ይሉናል፤ እሱን እኛው እንወቀው።

ቺፑ መጣ። ብዙ ወራት ፈጅቶ፣ ከጥፍሬ ያነሰ ሆኖ መጣ። ለሸዋ ቤንች መፈልፈያ ጣቢያ መጥሪያውን ሠርተን በለቀማ ወቅት በሩ ላይ ሰቀልነው። አባቴ እንደ ማንኛውም ገበሬ ማዳበሪያውን ተሸክሞ መጣ፣ ቁጥር ያዘ፣ ጥግ ይዞ ቆመ። ስለ ቺፑ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን ልጁን ላለማስከፋት እንጂ ደወል ይታደገኛል ብሎ አላመነም። መዛኙ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ደወሉ ዝም አለ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ቁልፉን አያለሁ። መዛኙ ተመለሰ፤ ቁልፉን ተጫነ።

ደወሉ ጮኸ፤ የአባቴ ቁጥር በራ።

ቤት ውስጥ በቤንችኛ ነው የምናወራው። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ አባቴ በአማርኛ ጮክ ብሎ «ማነው የጠራኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ አባ» አልኩት።

«አንቺማ ይኸው እዚህ ቆመሻል።»

«እኔው ነኝ።»

ቁጥሩን አየ፤ እኔን አየ። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወደ ሚዛኑ ሲያልፍ መንገድ ለሚለቁለት ሰዎች ሁሉ «ልጄ ናት የጠራችኝ፤ ልጄ ናት» እያለ አለፈ።